በተረተሩ ላይ የወደቀ ጤና አዳም

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ከመንደራችን ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ምሽግ ሠርቶ በነበረበት ዘመን፣ ተረት የሰማሁት ከቡዳ አፍ ነው። ቡዳ ያልኩት የሰውን ቃል ወስጄ ነው፤ እኔ በርግጠኝነት የምናገረው ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ብቻ ነው። እማማ የሻረግ ይባላሉ። ቤታቸው ከመንደሩ ተነጥሎ ከሸለቆው አፍ ላይ ነበር። አመሻሽ ላይ ማሰሮና ድስት በኩበት እሳት ሲተኩሱ ተደብቄ እሄድና፣ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው ፍሙ ዳር እቀመጣለሁ። እናቴ አንገቴ ላይ ክታብ ስላሰረችልኝ፣ ያኔ የሚነካኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«መጣህ፣ አንተ ክታባም?» ይሉኛል። «ዛሬ ከነክታብህ ልብላህ ወይስ ተረት ልንገርህ?»

ተረታቸው ሁሉ አንድ ነገር ጠፍቶ አውሬዎች የሚካሰሱበት ነበር። ከመጨረሻው ሲደርሱ ያቆሙና፣ እሳት በሚቆሰቁሱበት እንጨት ወደኔ እየጠቆሙ «እንግዲህ ማን ነው?» ይላሉ። እኔ ካልመለስኩ ተረቱ አያልቅም። ሁልጊዜም እመልስ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ የእናቴ ወንድም አያ ተገኘ፣ አርበኛ ነበር፣ እግሩን በጥይት ተመቶ ከሸለቆው ግርጌ ዋሻ ውስጥ ተደበቀ። እናቴ በየማለዳው ስንቅ ታደርስለት ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የምሽጉ ወታደሮች ዋሻውን ከበው ያዙትና በገበያ ቀን ሰቀሉት።

መንደሩ ፍርድ ለመስጠት አልዘገየም። የሻረግ ጅብ ሆና ስትዞር አይታው ለጣሊያን ነገረች ተባለ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰው ዱላ ይዞ ደጃቸውን ሞላው። እኔም የእናቴን ቀሚስ ይዤ ሄድኩ።

እማማ የሻረግ የእጃቸውን ጭቃ ሳይታጠቡ ወጡ። «ጅብ መሆን ብችልማ፣ ያን ሁሉ የምሽግ ሥጋ ትቼ አንድ ቁስለኛ ላይ ምን አስሮጠኝ?» አሉ። ከመቀነታቸው ፈትተው የጠወለገ ጤና አዳም አሳዩ። «ጭቃ ልቆፍር ስወጣ ከተረተሩ መንገድ ላይ የለቀምኩት ነው። ጤና አዳም ከጓሮ እንጂ ከተረተር አይበቅልም። ስውሩ የዋሻ መንገድ በደጄ ነው የሚያልፍ፤ በነዚያ ቀናት ግን ማንም በዚህ አላለፈም። ስንቅ ያዡ ዓይኔን ፈርቶ፣ አገልግሉ ላይ ጤና አዳም ሰክቶ፣ ከምሽጉ ፊት ለፊት በተረተሩ ሄደ። ልጁን ያስያዘው ዓይኔ አይደለም፤ ዓይኔን መፍራት ነው።»

አንድ ሽማግሌ ወደ እናቴ ዞረው «በየት በኩል ነበር የምትሄጅ?» አሏት።

«በዚሁ በደጇ» አለች እናቴ። «በየቀኑ አይታኛለች።»

እማማ የሻረግ እሷን አላዩም። በጭቃ ጣታቸው ወደኔ ጠቆሙ። «አንተ ክታባም፣ እንግዲህ ማን ነው የዋሸ?»

እናቴ በየማለዳው ከጓሯችን ጤና አዳም ቀጥፋ አገልግሉ ክዳን ላይ ስትሰካ፣ ወደ ሸለቆው መውረዷን ትታ ወደ ተረተሩ ስትወጣ አይቻለሁ። እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር። ዝም አልኩ።

«የልጁንም አፍ ያዘችው!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ቤታቸውን አቃጠሉ። ሸክላውን ሰበሩ፤ ቀጥሎ ጣቶቻቸውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በዱላ ሰበሩ። ያን ዕለት እራት የበላነው ሽሮ በእሳቸው ድስት የተሠራ ነበር፤ ያኔ ማንም አልተጸየፈውም።

እጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። ለጥቂት ሳምንት ግን፣ አመሻሽ ላይ አንድ ጅብ እየመጣ የቤታቸው አመድ ላይ ይተኛ ነበር። የፊት እግሮቹን ያነክስ ነበር። አውሬም ያነክሳል፤ ካየሁት ሌላ አልጨምርም።

እናቴ እስክትሞት ያን ቀን አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ከምድጃው ዳር ተሰብስበው ተረት ሲሉኝ፣ የእማማ የሻረግን ተረቶች እነግራቸዋለሁ። ከመጨረሻው ስደርስ ግን አላቆምም፤ ሌባውን ራሴ ተናግሬ ቶሎ እጨርሰዋለሁ። ማን ነው ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።