ጸሎቱ ጸ

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «አራሚዋ» ይላታል። ሥራዋ አልቋል የተባለ ጽሑፍ እንደገና ሲመለስ መቀበል ነው። ደንበኛ ፋይሉን ይዞ ይመጣና «ትንሽ ነገር ናት፣ የፊደሉን መልክ ብቻ ቀይሪልኝ» ይላታል። እሷም በልቧ «ትንሽ ነገር!» እያለች ትስቃለች። ያለቀ ጽሑፍ ፊደሉ ሲቀየር መስመሩ ይሸሻል፣ ገጹ ይገፋል፣ ፎቶው ከርዕሱ ጋር ይጣላል። አዲሱ ፎንት የሌለው ፊደል ካጋጠመ ደግሞ በቦታው ባዶ ሳጥን ይደቀናል። እነዚያን ሳጥኖች ስትለቅም ነው ፀጉሯ የሸበተው።

የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። በፊት ታናሽ ወንድሟም አብሯቸው ነበር፤ የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊ። ሰፈሩ «ቀለሜ» ያለው በትምህርቱ ጎበዝ ሆኖ አይደለም፣ ቀለም ከጣቱ ለቆ ስለማያውቅ ነው። ሰሌዳ በእጅ ማስጻፍ እየቀረ ሲመጣ እህቱ አንድ ሐሳብ አመጣች። የእጅ ጽሑፉን ፎንት እናድርገው አለችው። እሱ ፊደሉን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ እሷ ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች። ሲጣሉ ሲታረቁ ወራት ፈጀባቸው።

«ጸ ቀረህ እኮ» ትለዋለች።

«ፀሐዩ ፀ አለልሽ አይደል፣ እታለም? ጸሎቱን ጸ ምን ያደርግልሻል?»

«ሰው ይጠይቀኛል!»

«እሺ በቃ፣ ከነቤተሰቡ እጽፍልሻለሁ። አትጨቅጭቂኝ።»

ሳይጽፈው ቀረ። ሳንባው ታመመ፣ አልጋ ያዘ፣ እጁ ብዕር መያዝ አቃተው፤ ክረምቱ ሳይወጣም አረፈ። ፎንቱ ከነጉድለቱ ኮምፒውተሯ ውስጥ ተቀመጠ። ለማንም አልሰጠችውም፣ ራሷም አልከፈተችውም።

አንድ ቀን ጠዋት ጡረታ የወጣች ነርስ የሟች ባሏን መታሰቢያ መጽሔት ይዛ መጣች። መጽሔቱን ያዘጋጀው ሰው የት እንደገባ አይታወቅም፤ በእጇ ያለው ያለቀው ፒዲኤፍ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ይሄን ፊደል ቀይሪልኝ» አለች። «አማቴ የልጇን ታሪክ ማንበብ አልቻለችም። ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው ትላለች። ወፈር ያለ፣ የሰው እጅ የሚመስል የለሽም?»

አራሚዋ ያሏትን ፎንቶች አንድ በአንድ አሳየቻት። ነርሷ አንዱንም አልወደደችው። በመጨረሻ አራሚዋ ራሷ እንዴት እንደሆነ ሳታውቀው የቀለሜን ፎንት ከፈተች።

«እሱ! እሱን አድርጊልኝ!» አለች ነርሷ፤ ከሰዓት እመለሳለሁ ብላም ሄደች።

አራሚዋ ፎንቱን ቀየረች። መስመሩም እንደ ልማዱ ሸሸ፣ መለሰችው። ከዚያ ሳጥኖቹን ለመልቀም ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። ጽሑፉ «ጸጥተኛ ሰው ነበር» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሳጥን የጠበቀችበት ቦታ ላይ ግን ጸ ተቀምጧል።

ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተውሶ ይሆናል አለች ለራሷ። እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል። ነገር ግን የተዋሰው ፊደል ሁሌም ያስታውቃል፤ ድርቅ ብሎ፣ ካልተጠራበት ቤት እንደገባ እንግዳ ይቆማል። ይሄኛው እንደ ቀለሜ ፊደሎች ሁሉ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። እግሮቹ ጫፍ ላይ ቀለሜ ብሩሹን ሲያነሳ የሚተዋት ጭረት አለች። አጉልታ አየችው።

ፎንቱን ራሱን ከፈተችው። የጸ ቦታ ባዶ ነው። አዲስ ገጽ ላይ ጻፈችው፤ ሳጥን ሆነ። ወደ መጽሔቱ ተመለሰች። ጸ እዚያው አለ።

ገጾቹን መግለጥ ጀመረች። በፎንት የተጻፈ ፊደል ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ያው አንድ ነው፣ ከአንድ ቅርጽ የወጣ። እነዚህ ግን አንዱ ከሌላው ይለያያል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ከሕመም እንደተነሳ ሰው እጅ ይንቀጠቀጣል። «ጸባዩ» የሚለው ላይ ትንሽ ይረጋል። «ጽናቱ» ላይ ይጠነክራል። መጨረሻው ገጽ ላይ «ጸሎት» የሚለው፣ ቀለሜ በደህናው ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፈው፣ ያለ አንዳች መንገራገር ፈስሷል።

ቀለሜን በደንብ የምታውቀውን የማተሚያ ቤቱን መጽሐፍ ጠራዥ ጠራቻት።

«እስቲ ነይ። ይሄ የማን እጅ ነው?»

«የቀለሜ ነዋ! ምን ይጠየቃል?» አለች ጠራዧ እየሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ አየቻት። «ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ጸን እይው። ሳይጽፈው ነው የሞተው።»

ጠራዧ ወደ ኮምፒውተሩ ማያ ጎንበስ አለች። አንዱን ገጽ አየች፣ ቀጥሎም ሌላውን። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«ይሄኛው ከዚያኛው ይሻላል» አለች በሹክሹክታ። ወዲያው እጇን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች። «ዝጊው፣ በናትሽ።»

«ደንበኛዋ ትመጣለች እኮ።»

«እንግዲያው ቶሎ አትሚና ዝጊው።»

አተመችው። ሳጥን የሚባል ነገር አንድም አልወጣም። ነርሷ ስትመጣ ገጹን በመዳፏ ዳበሰችና «እጅሽ ይባረክ!» አለቻት።

«የኔ እጅ አይደለም» የሚል ቃል ከአራሚዋ አፍ አመለጠ። ነርሷ ትሕትና መስሏት ሳቀች፤ መጽሔቶቿን ይዛ ወጣች።

ጠርዙ ጠሞ የተቆረጠ አንድ ቅጂ ተርፎ ነበር። አራሚዋ ወደ ቤት ይዛው ገባች። እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። መጽሔቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት። እናት መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገችና ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ብዙ ቆየች። የማን ጽሑፍ ነው ብላ አልጠየቀችም።

«መቼ ጻፈው?» አለች።

አራሚዋ ልትዋሽ ፈለገች፣ ምላሷ እንቢ አላት። «ዛሬ ጠዋት።»

እናት አልደነገጠችም። ገጹን ገለጠች፣ ቀጥላ ሌላውን፤ እየገለጠች መጨረሻው ላይ ደረሰች። እዚያ «ጸሎት» የሚለው ቃል ላይ መዳፏን ጫነች።

«ተሽሎታል» አለች።

አራሚዋ ዛሬም እዚያው ማተሚያ ቤት ናት፤ ፊደል ለማስቀየር የሚመጣ ደንበኛም አላጣችም። የቀለሜን ፎንት ግን ለማንም አታሳይም። የመጽሔቱን ፋይልም ዳግመኛ አልከፈተችውም። ፈርታ ይሁን፣ ብከፍተው ሳጥን ብቻ ይጠብቀኛል ብላ ሰግታ ይሁን እሷም አታውቀውም። እናቷ አንዳንድ ጊዜ በር ላይ ትቀበላትና እጇን አየት ታደርጋለች።

«ሌላ አልጻፈም?»

«ገና ነው፣ እማ» ትላታለች አራሚዋ፣ ጫማዋን እያወለቀች።