አጣሪው ሀቢብ ፓርከንት ገባ

ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ልጅ የሚድር ሐበሻ ሁሉ አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት ሀቢብን ይጠይቃል። ሀቢብ ቀን ቀን ዋሽንግተን መሃል አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው፤ እውነተኛ ሥራው ግን ዘር ማጣራት ነው። የእገሌ ልጅ የእገሌን ልጅ ሊያገባ ነው የተባለ እንደሆነ ደሴ ይደውላል፣ ከሚሴ ይደውላል፣ ጅዳ ያለች የአክስቱ ልጅ ሥራዋን ትታ ትጠይቅለታለች። በሳምንቱ የሙሽራው ቅድመ አያት በማን በሬ ስርቆት ተጠርጥረው እንደነበር ሳይቀር አሌክሳንድሪያ ይገባል። የሰፈሩ ልጆች "ጋሽ ባክግራውንድ ቼክ" ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋውም። ሐበሻ የሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ነድቶ፣ ማንም ሳይጠራው ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ፣ "ልጁስ ጨዋ ነው፤ ግን..." ይልና ራሱን ይነቀንቃል። ያቺ "ግን" ስንት ሠርግ እንዳፈረሰች አላህ ይወቀው!

ታዲያ አንድ እሑድ ምሳ ላይ ልጁ ነጃት፣ ፋርማሲስቷ፣ "ዳድ፣ ላገባ ነው" አለችው።

"ማንን?"

"ጃሱር ይባላል። ኡዝቤክ ነው።"

ሀቢብ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "እስላም ነው?"

"የስ።"

"ይሰግዳል?"

"ከአንተ በላይ።"

ሚስቱ ሉባባ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ሀቢብ ቀጠለ እንጂ መች ተወ! ይጠጣል? አይጠጣም። ያጨሳል? አያጨስም። ሥራ አለው? ኮምፒውተር ይሠራል፣ ክፍያውም ከሀቢብ ይበልጣል። ቤተሰቡስ? ታሽከንት ከሚባለው ትልቅ ከተማ አጠገብ፣ ፓርከንት በምትባል ትንሽ ከተማ ወይን ያለማሉ። እዚህ ላይ ሰውዬው ሰፊው ባሕር መሃል መቅዘፊያው እንደወደቀበት ሆነ። ደሴ ሰው አለው፤ ፓርከንት ማን አለው? ማንን ኮል ያድርግ?

የከነከነው ምን መሰላችሁ? የልጁ ኡዝቤክነት አይደለም። ለስንቱ ወጣት "ዘሩ አይታወቅም" ብሎ በር ያዘጋ ሰው፣ ነገ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሁሉ "ሀቢብ ልጁን ዘሩ ለማይታወቅ ሰጠ" ብሎ ሲስቅበት ታየው። ፈራ። ስለዚህ በልቡ ቆረጠ፦ ፓርከንት ድረስ ሄዶ ከዚያ ቤተሰብ አንድ ነውር ፈልፍሎ ያመጣል፣ ሠርጉም ይቀራል። ለቤቱ የተናገረው ግን ሌላ ነው። "ቬኬሽን ልወስድ ነው። ታሽከንት የድሮ መስጊዶች አሉ አሉ፤ ዚያራ ልሂድ" አለ። ነጃት ፈገግ ብላ "ሃቭ ፈን፣ ዳድ" አለችው። ፈገግታዋን መጠርጠር ነበረበት፤ የሰው ፈገግታ ሲመረምር የኖረው ሀቢብ የልጁን ፈገግታ ዝም ብሎ አለፈው።

ታሽከንት ላይ አንድ ባለታክሲ ቀጠረ። ሩስታም ይባላል፤ ፊላዴልፊያ ውስጥ ትራክ ሲነዳ ኖሮ አገሩ የተመለሰ ነው። የሁለቱም እንግሊዝኛ ተሰባብሮ የተጠገነ ስለሆነ ወዲያው ተግባቡ። ከተማው አለቀ፣ መንገዱ ወደ ተራራው ሽቅብ ወጣ፣ ግራና ቀኙ ወይን ሆነ። ፓርከንት የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። ትንሽ ናት፤ አንድ ገበያ፣ አንድ መስጊድ፣ በየደጁ የወይን ሐረግ የተንጠለጠለበት ግቢ። ሀቢብ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቱሪስት ሆኖ ወረደ።

መጀመሪያ ዳቦ ሻጭ ዘንድ ሄደ። "ዳቦው ስንት ነው?" ብሎ በሩስታም አስጠየቀ።

ሴትዮዋ ዳቦውን እየሰጠችው፣ "የጃሱር ቤተሰብ ጎረቤት አስቀይሞ አያውቅም" አለች።

ሀቢብ ግራ ገባው። ዳቦ ነው የጠየቃት! ግን ቶሎ ተስፋ የማይቆርጥ አጣሪ ነውና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረ። ጢሙን እየተላጨ፣ "ለመሆኑ እዚህ ከተማ ሌባ አለ?" ሲል አስጠየቀ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አንሥቶ፣ "የጃሱር አባት የወደቀ ቦርሳ አግኝተው ባለቤቱን ቤቱ ድረስ ሄደው ሰጡ" አለው። ሩስታም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ሳለ። ሱብሃነላህ! አንድ ከተማ ሙሉ እንዴት አንድ ቤት ብቻ ያመሰግናል? ሀቢብ ጠረጠረ፤ የጠረጠረው ግን እንደ ልማዱ ሌላውን ነው። "ይህን ያህል የሚመሰገን ቤት የሸሸገው ነገር አለ" አለ በልቡ፣ ደስም አለው።

ቤቱን ከውጭ ብቻ አይቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ደጁ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ፤ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አዛውንት፣ የጃሱር አያት፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወጡ። ሩስታም ተረጎመ። "ሀቢብ ልጄ፣ ምነው ዘገየህ? ሩዙ ሊቀዘቅዝ ነው፤ ነጃት መምጣትህን ከነገረችን ጀምሮ ስንጠብቅህ።"

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ሩስታምም ቢሆን የጃሱር አጎት ኖሯል፤ ሆቴሉ ደጅ ላይ መኪናውን ይዞ የቆመው በአጋጣሚ አልነበረም። ሀቢብ ካሜራውን የሚያስገባበት አጣ።

ወይኑ ጥላ ሥር አስቀመጡት። ሩዙ በሥጋ ተቆልሎ መጣ፣ ሳምቡሳቸው መጣ፣ ፍራፍሬው መጣ። አዛውንቱ ሻይ ቀዱለት፤ ጀበና በምታክል ማንቆርቆሪያ፣ እጀታ በሌላት ሲኒ፣ ከግማሽ በታች። ሀቢብ ዓይኑ በራ። አገኘሁ! ቋጣሪዎች ናቸው! እኛ አገር ሻይ ሞልቶ ሳህኑ ላይ ካልፈሰሰ እንግዳ ተከበረ አይባልም። "ይሙሉት በላቸው" አለ ለሩስታም። ሩስታም በሳቅ ፈረሰ። "ወንድሜ፣ እኛ ዘንድ ሞልተን የምንቀዳው እንዲሄድልን ለምንፈልገው እንግዳ ነው። ትንሽ የሚቀዳልህ ደጋግመን እንድንቀዳልህ፣ ቁጭ እንድትልልን ነው።" ሀቢብ ያገኛት ነውር እጁ ላይ ሟሸሸች።

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ልትጠይቅ መምጣትህ አላስቀየመንም። ልጁን የሚወድ ይጠይቃል። እኛም ዘንድ ወጉ ይኸው ነው፤ ከመጋባት በፊት ጎረቤት ይጠየቃል። እኛም ጠይቀናል።"

ሻዩ ትን አለው። "ማንን?"

"የእህቴ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ጎማ ቤት ይሠራል። የአገርህን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀልን። ልጅቷን ሁሉም አመሰገኑ። ስለ አባቷ ሲጠይቃቸው ግን፣ 'እኛ አናውቀውም፤ እሱ ነው እኛን የሚያውቀን' አሉ። ቤትህ ተጠርቶ የበላ ሰው አልተገኘም። አንዲት እናት እንዲያውም አለቀሰች፤ ልጄ በዚህ ሰውዬ አፍ ቆማ ቀረች አለች። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ፣ ይቅርብን አሉ።"

አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል! ሩስታም አንድ ቃል እንኳ ሳያለሰልስ ነው የተረጎመለት። ፓርከንት፣ ይቺ ገበያዋ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ከተማ፣ ሀቢብን አጣርታ ጥላው ነበር! ፊቱ በርበሬ መሰለ። ለመቆጣት አፉን ከፈተ፤ ግን ያለቀሰችውን እናት አወቃት፤ በልጇ ላይ ምን ብሎ "ግን" እንዳለም ትዝ አለው።

"ታዲያ እንዴት ተስማማችሁ?" አለ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ወንድምህ ተገኘ። እንድሪስ። 'ወንድሜ ምላሰኛ ነው፤ እኔንም አኩርፎኝ ዓመታት ሆነው። ልጅቷን ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ውሰዱ፣ ዋሷ እኔ ነኝ' አለ። በእሱ ቃል ነው የተስማማነው።"

እንድሪስ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ነው። የተኳረፉት እንድሪስ ልጁን ሲድር ሀቢብን በቴክስት ስለጠራው ነው። "እኔን ወንድሙን! በቴክስት! እንደ ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ!" ብሎ ከሠርጉ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሙ ያለበትን መንገድ እየሸሸ ነው ሲልቨር ስፕሪንግን ሲያስስ የኖረው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ አይደል?

የራሱ ስልክ እዚህ አገር አይሠራምና ሀቢብ ስልክ ለመነ፤ ሩስታም የራሱን ሰጠው። እዚያ ገና ሌሊት መሆኑንም ሳያስብ ወይኑ ጥግ ሄዶ ደወለ።

"ሄሎ፣ በዚህ ሌሊት ማን ልበል?" አለ እንድሪስ።

"ሀቢብ ነኝ።"

"የትኛው ሀቢብ?"

"ወንድምህ ነኛ!"

እንድሪስ ሳቅ ባነቀው ድምፅ፣ "አሃ፣ ፓርከንት ደረስክ? ሩዛቸው እንዴት ነው?" አለው።

"ታውቅ ነበር?"

"እንዴት አላውቅ! ነጃት ልጁን መጀመሪያ ያመጣችው እኔ ቤት ነው። ሽማግሌም የላኩት እኔ ዘንድ ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ሉባባ ቀሚሷን አሰፍታለች።"

"ሉባባም?"

"ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ሀቢቤ። አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው። ልጅቷ ፈራችህ፤ በእሷም 'ግን' እንዳትልባት።"

ሀቢብ የወይኑን ግንድ ተደገፈ። ከኋላው አዛውንቱ "ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ና" እያሉ ይጣሩ ነበር።

"እንድሪስ" አለ፣ "ሠርጉ ላይ... እኔ ተጠርቻለሁ?"

"ነጃትን ልጠይቃት" አለው እንድሪስ።