ጎፈሬ በክር

ሽጉጤ ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ተቀምጦ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጥ ኖሯል። ደንበኞቹ "ማይ ፍሬንድ" ይሉታል፤ በስሙ የምንጠራው እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና ጎረቤቱ ራውዳ ብቻ ነን።

ራውዳ ከባንግላዴሽ የመጣች ባለሱቅ ናት። ገበያ ሲቀዘቅዝ ካንታ ትሰፋለች። ያረጁ ጨርቆችን ደራርባ በመርፌ ጠቅ ጠቅ እያደረገች የአልጋ ልብስ ታደርጋቸዋለች፤ እላዩ ላይ ቤቱን፣ ሰዉን፣ ዓሣውን በክር ትስላለች። ሽጉጤ አይቶ ቀና። ሚስቱ ኤርጎጌ ከሆሳዕና ልትመጣ አራት ወር ቀርቷት ነበርና "አስተምሪኝ" አላት።

ያን የሚያክል ሰው መርፌ ይዞ ሲያዩት ደንበኞቹ በዙሉኛ "ሀይቦ!"፣ ኧረ ጉድ፣ እያሉ ተሳሳቁበት። አንድ ቀን ካንታውን ከሱሪው ጋር አብሮ ሰፍቶት፣ ዳቦ ሊያቀብል ሲነሣ ተጎትቶ ተከተለው። ቢሆንም አሮጌ ሸሚዞቹ ላይ ሱቁን ሰፋ፤ ዶሮም ሰፋ፣ ፍሪጅ መሰለች እንጂ። በሩ ላይ ራሱን አቆመ፣ ከነጎፈሬው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ሽጉጤ መላጣ ነው። ሲያገባት "በጎፈሬህ ነው የወደድኩህ" ትለው ነበር፤ ጸጉሩ ሲያልቅ ታዲያ እንዴት ይንገራት? በቪዲዮ ሲያወራት በጥር ሐሩር የሱፍ ኮፍያ ያደርጋል። ካየችኝ ትጠላኛለች ብሎ ከልቡ ይፈራል።

"ብራዘር፣ ሰውየው ማነው?" አለችው ራውዳ።

"እኔ ነኝ።"

መላጣውን አየች፤ ካንታውን አየች፤ ወደ ሱቋ ገባች።

ኤርጎጌን ከኤርፖርት ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሽጉጤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ካንታውን አልጋው ላይ ዘርግቶ ጠበቃት። ጎንበስ ብላ ጣቷን ጎፈሬው ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"እኔ ነኛ!"

"ስድስት ዓመት ብተውህ ማንን ነው አልጋዬ ላይ ያወጣኸው?"

ላቡ ከኮፍያው ሥር ወረደ። እኔ ሻንጣ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም። በመጨረሻ ኮፍያውን አውልቆ ዓይኑን ጨፈነ።

ኤርጎጌ በሳቅ ፍርፍር ብላ አልጋው ላይ ተቀመጠች። "አንተ! ስልኩን ሳትዘጋ እንቅልፍ የወሰደህ ቀን እኮ ኮፍያህ ወልቆ አይቼሃለሁ! ሦስት ዓመቴ! መቼ ይነግረኝ ይሆን እያልኩ!"

ከዚያ መርፌ አምጣ ብላ ተቀበለችውና የካንታውን ጎፈሬ ክር በክር ትፈታው ጀመር። ሽጉጤ አጠገቧ ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል። ጆሮው አካባቢ ስትደርስ የሽጉጤን ጭንቅላት ወደ ብርሃን አዞረችና አይታ፣ ሁለት ስፌት ተወችለት።

"እዚህ ጋ ጸጉር አለህ" አለችው።