ከቁም ሣጥን በር የተሠራችው ቪዮላ

መምህሩ ፊታቸው የቆሙትን አራት ተማሪዎች፣ የያዟቸውንም ሦስት ቫዮሊኖችና አንድ ቼሎ አየት አደረጉና ሳቁ።

«የአራት ሰው ኳርቴት ለማቋቋም ነው የመጣችሁት ወይስ ቫዮሊን ለመሸጥ? ሁለት ቫዮሊን ይበቃል። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ቪዮላ ትይዛላችሁ።»

ቪዮላ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለች፣ ድምፅዋም ወፈር ያለ መሣሪያ ናት። አራቱ አብረው ሲጫወቱ መሐል ሆና ክፍተቱን ትሞላለች እንጂ፣ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ የእሷን ዜማ አያንጎራጉርም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ስለሚያጣድፍ «ጥድፊያ» የሚሉት ልጅ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። «ሳቂታ» የሚሏት ደግሞ ጎንበስ ብላ ያልተፈታ የጫማ ክሯን ፈትታ ማሰር ያዘች። ሦስተኛዋ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እሺታ ሆኖ ተቆጠረ። መሣሪያው ከሱ ስለሚገዝፍ «ዝሆኔ» ያሉት ቼሎ ተጫዋች ትከሻዋን መታ አደረገና፣ «አይዞሽ፣ መሐል መቀመጥ ይሞቃል» አላት።

እቤት ውስጥ ሚጣ ይሏታል። ሃያ ዓመት ሞልቷትም ሚጣ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት አባቷ አናጢ ሲሆን፣ የሚኖሩትም ከእንጨት ሥራ ቤቱ ጀርባ ባሉ ሁለት ክፍሎች ነው። ሚጣ የትም ብትሄድ ከልብሷ ላይ ትንሽ ሰጋቱራ አይጠፋም።

«ታዲያ አንቺ ምን አልሽ?» አላት አባቷ፣ መላጊያውን ሳያስቀምጥ።

«ምንም።»

«አፍ የለሽም?»

«አለኝ አባዬ።»

«ለመቼ ነው የምታስቀምጪው?»

የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ያለችው አንዲት ቪዮላ ብቻ ነበረች፤ እሷም በአንድ ተመራቂ ተማሪ እጅ ነበረች። አባቷ ይህን ሲሰማ ለአንድ ቀን ተውሳ እንድታመጣለት ነገራት። ስታመጣለት በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ዙሪያዋን በእርሳስ ነደፈ፤ ውፍረቷን በየቦታው ለካ፤ በቀዳዳዋ ባትሪ እያበራ ውስጧን ተመለከተ። በመጨረሻ ቀና አለና «በር ናት» አለ። «ትንሽ የጎበጠች በር።»

ለገበታዋ፣ ከክሮቹ ሥር ላለው የፊት ገጿ፣ የሚሆን ቀላልና ጭረቱ ቀጥ ያለ እንጨት ግን ፈልጎ አጣ። ሲቸግረው መኝታ ቤት ገባና ለሠርጋቸው ብሎ ለሚስቱ ከሠራው ቁም ሣጥን ፊት ቆመ። ከዚያ የግራውን በር ነቀለው። የእናቷ ቀሚሶች እንደተሰቀሉ ወለል ብለው ታዩ። ሚጣ አንሶላ አምጥታ ጋረደቻቸው። ስለዚህ ነገር ሁለቱም አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። ማጣበቁ ላይ ሲደርስ አባቷ ጠራት። «ሚጣ፣ እዚያ መንገድ ዳር ያሉትን የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ኮላው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቂልኝ። የነሱ ከኛ ይለይ ይሆናል።»

ሄደች። በሱቁ መስታወት በኩል ሦስት ደንበኞችና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ ጮክ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ታዩዋት። የበሩን እጀታ ያዘች፤ መልሳ ለቀቀችው። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረችና ተመለሰች። ደንበኞቹ አልሄዱም።

«ያው የተለመደው ነው አሉ» አለችው አባቷን።

እሱም ደስ አለው። በሠላሳ ዓመት ሥራው የሚኮራበት ነገር ቢኖር ኮላው ነበር። «እኔ ያጣበቅኩት ይሰበር ይሆናል እንጂ አይላቀቅም» ይላል ለሰው ሁሉ።

አራቱ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚለማመዱት እዚያው እንጨት ሥራ ቤት፣ በሳንቃዎች መካከል ሆነ። አዲሷ ቪዮላ ወፍራሙ ክሯ ላይ ሻከር ትላለች።

«ጋሼ፣ ጉንፋን ይዞዎት ነው እንዴ የሠሯት?» አለ ጥድፊያ። «ታስላለች እኮ!»

«ዝም በል! ያንተዋ አይደለችም እንዴ የምታላዝነው?» አለው አባቷ።

ሳቂታ ሳቀችና ከየት እንደጀመሩ ጠፋባቸው። ቀስ በቀስ ግን አራቱም ያን ሻካራ ድምፅ ወደዱት። ሚጣም መናገር የሚከብዳት ልጅ፣ ከመካከላቸው ተቀምጣ በሻካራ ድምፅ መልስ መስጠት ጀመረች።

በሁለተኛው ዓመት አባቷ ማሳል ጀመረ። የሰጋቱራው ብናኝ ነው እያለ ሰነበተ። ሐኪሞቹ ሳንባውን አይተው፣ እሷን ለብቻዋ ጠርተው፣ ቤት ወስደሽ አስታሚው አሏት። ኳርቴቱ የመጀመሪያ ዝግጅቱን በአዳራሽ ሊያቀርብ አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

«እኔ እዚያ አልደርስም» አላቸው አባቷ ከአልጋው ላይ፣ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው። «የሚቀጥለው ቅዳሜ እዚህ ተጫወቱልኝ። የሠራኋትን ልስማት።»

በዚያ ሳምንት ደረቅ ነፋስ ነፈሰ። ለቅዳሜው ሲዘጋጁ፣ ማክሰኞ ልምምድ ላይ፣ ሚጣ ደጋኗን ገና ሳታነሳ ቪዮላዋ ጧ አለች። ገበታዋ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል።

ይሄኔ ያን የሱቅ በር ከፍታ ገባች። ጠጋኙ ሽማግሌ ስንጥቁን በጣታቸው ዳሰሱት።

«የበር ኮላ ነው» አሉ። «ልጄ፣ የእኛ ኮላ ከቆዳ የሚቀቀል፣ ደከም ያለ ነው። እንጨት በደረቅ አየር ይኮማተራል። ያኔ መጋጠሚያው ቀስ ብሎ ይለቅለታል፤ እኛም መልሰን እንለጥፈዋለን። ይቺ ግን መጋጠሚያዋ አልለቅ ሲል ራሷ ተተረተረች።»

«አይጠገንም?»

«ሳልከፍታት አይጠገንም። ልክፈት ካልኩ ደግሞ ተፈረካክሳ ነው የምትወጣው።» ቪዮላዋን ገልበጥ አድርገው ጀርባዋን አዩ። «የሠራት ሰው እጅ ግን እጅ ነው። ምነው አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ቢጠይቀኝ!»

ሚጣ ቪዮላዋን አቅፋ ወጣች።

ተመራቂው ሄዶ ስለነበር የትምህርት ቤቱን ቪዮላ ተዋሰች። ቅዳሜ አራቱ አልጋውን ከበው ተቀመጡ። ጥድፊያ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ጀመረ። የአባቷ ዓይኖች እንደተከደኑ ነበሩ። ሲጨርሱ ዝሆኔ የተኛ መስሎት ቼሎውን ቀስ ብሎ ማንሳት ጀመረ።

«ጥሩ ነው» አለ አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ግን ይቺ አታስልም። የኔዋ የት አለች?»

ሳቂታ መሬት መሬቱን አየች። ሚጣ ተነስታ ቪዮላዋን ከአልጋው ሥር አወጣችና ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ዳሰሰ፤ ከዚያ ጠርዟን ዙሪያውን ዳሰሰ። ፊቱ በራ።

«አየሽ? መጋጠሚያው እንዳለ ነው! ጸጉር አያስገባም! አላልኳችሁም?»

«ብለዋል ጋሼ» አለ ዝሆኔ።

«ታዲያ ምን ሰነጠቃት?»

ሚጣ አፏን ከፈተች። ቃሉን ከማክሰኞ ጀምራ ስታሰናዳው ነበር፦ አባዬ፣ አልጠየቅኳቸውም፤ አፈርኩና ከበር ተመለስኩ። የእሱ ጣቶች ግን ገና ጠርዟ ላይ ነበሩ፤ ልጁን የሚያስተኛ ሰው ይመስል ይደባብሷታል።

«እንጨቱ ነው አሉ» አለች።

አባቷ እጁን ወደ ስንጥቁ መለሰ።

«የእናትሽ በር እኮ ነው» አለ ኋላ። «እሷም ደረቅ አየር አይስማማትም ነበር። ከንፈሯ እየተሰነጠቀ… ትዝ ይልሻል?»

ትዝ አይላትም። ጥፋቷን ለማታስታውሳት እናቷ ማሸከሟ ሲገባት እንባዋ መጣ። እሱ ለቪዮላዋ የምታለቅስ መሰለው።

«በይ ተይ። ስነሳ ሌላ እሠራልሻለሁ። የቀኙ በር አለ አይደል?»

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ዝግጅቱን ለማራዘም ሦስቱም ጠይቀዋት ነበር፤ አይሆንም አለች። በተውሶ ቪዮላ ተጫወተች፤ አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ዝሆኔ ጎንበስ አለና፣ «ሳሉ ናፈቀኝ» አላት በጆሮዋ።

ኳርቴቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆየ። ጥድፊያ ሌላ አገር ትምህርት አገኘና እንደልማዱ ተጣድፎ ሄደ። ሳቂታ አገባች። ዝሆኔ ሕፃናት ያስተምራል። ሚጣ በጠጋኙ ሽማግሌ ዘንድ ሥራ ያዘች። ኮላ መቀቀሉን፣ በጣት መሐል መሞከሩን፣ የት ላይ ማሳሳት እንደሚገባ ከሳቸው ተማረች። የአባቷ ቪዮላ ሳትከፈት ከምትሠራበት አግዳሚ በላይ ተሰቅላለች። ምነው አትጠግኛትም የሚላት ደንበኛ ሲመጣ፣ «የሠራት ሰው አትላቀቅም ብሏል» ትላለች። ቁም ሣጥኑም ባንድ በሩ እንደቆመ ነው። የቀኙን በር ሁለት ጊዜ ልትነቅለው መፍቻ ይዛ ቀርባ ነበር፤ ሁለቴም መፍቻውን መልሳ አስቀመጠችው።

አግዳሚዋን ግን ራሷ አዙራ ፊቷን ወደ መስታወቱ አድርጋዋለች። ሰው እጀታውን ይዞ መልሶ የለቀቀ እንደሆነ ሥራዋን ትታ ትነሳለች። ትናንትም አንዲት ሴትዮ እንዲሁ ከበር ስትመለስ፣ እጇ ኮላ እንደነካ መንገድ ድረስ ሮጣ ደረሰችባት።

«እትዬ፣ ምን ሊጠይቁ ነበር?»

«ኧረ ተይው የኔ ልጅ፣ ይሄን ያህል ነገር አይደለም።»

«ግድ የለም» አለች ሚጣ እያለከለከች። «ይጠይቁኝ።»