እህትየዋ ለምን ዝም አለች

ሐሙስ ማታ ድራማው ይተላለፋል። ዓርብ ጠዋት ጆሮ ታዳምጣለች።

ጆሮ የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ስም ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ስለቆየ እሷም «አቤት» ትልበታለች። በቴሌቪዥን ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ተመልካቾች በስልክ መቅጃው ላይ የሚተዉትን አስተያየት እየሰማች ቅጽ ትሞላለች። ቅጹ አራት ዓምድ አለው፤ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ጥያቄ፣ ልዩ ልዩ። ሌላ ሰው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን እሷ በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አላገባችም። ማዳመጫው ጸጉሯን መሐል ለመሐል አስተኝቶታል።

«የጓሮ በር» የተባለው የወንጀል ድራማ ከጀመረ ወዲህ መቅጃው ዓርብ ዓርብ ጢም ብሎ ይገኛል። ድራማው ተሸልሟል፤ ጋዜጦችም አወድሰውታል። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ባለትዳር ቤቷ ውስጥ ሞታ ትገኛለች። ባልየው ወድቃ ነው ይላል። መርማሪው አያምነውም። የሟቿ እህት በዚያ ቀን ከግድግዳው ማዶ ነበረች፤ የሰማችውን ግን አትናገርም።

ጆሮ ደዋዮቿን በድምፃቸው ትለያቸዋለች። አንድ የታክሲ ሹፌር በየሳምንቱ ገዳዩን ደረስኩበት ይላል፤ በየሳምንቱም ሌላ ሰው ይከሳል። «ዘበኛው ነው! ካልሆነ ይህን ጢሜን ላጩኝ» ይላል። ጢሙ እስካሁን ስድስት ጊዜ መላጨት ነበረበት። አንዲት ሴትዮ የሟቿ መጋረጃ የት እንደተገዛ ትጠይቃለች። አንድ ጡረተኛ ፖሊስ «በእኛ ጊዜ የመርማሪ ጫማ እንዲህ አያበራም፤ ጭቃ ውስጥ ነበር የምንውለው» ብለው ይዘጋሉ።

ከክፍል ስምንት በኋላ ግን ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ሆነ። በዚያ ክፍል እህትየዋ የሟቿን ጩኸት ትሰማና ብርድ ልብሷን እስከ ራሷ ድረስ ትከናነባለች።

«ገዳዩስ ገዳይ ነው፤ ያቃጠለችኝ እሷ ናት።»

«እህት ተብላ! ጠላት ይሻላል።»

«እኔ ብሆን በሩን በእርግጫ ገንጥዬ እገባ ነበር።»

«እኔ ብሆን መንደሩን በጩኸት አናውጠው ነበር።»

እኔ ብሆን ያሉትን ጆሮ ቆጠረቻቸው። በአንድ ዓርብ መቶ አርባ ደረሱ። ሁሉም በሩን ይገነጥላሉ። አንድ ሰው ብቻ «እኔ ብሆን…» ብሎ ጀመረና ለረጅም ጊዜ ሲተነፍስ ተሰማ። ከዚያ ስልኩን ዘጋ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጆሮ እህቷ ቤት ነበረች። ከሳሎኑ ቀጥላ ባለችው ክፍል የእህቷን የሁለት ዓመት ልጅ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከግድግዳው ማዶ መጀመሪያ የወንበር ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የእህቷ ድምፅ። እህቷ ስሟን ጠራች። ጆሮ ተነሳችና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው።

ጎረቤት እንዳይሰማ ነበር። የባልና ሚስት ጠብ ደጅ ከወጣ ነውር ነው። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጋ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እህቷ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ «ደግ አደረግሽ» ብላታለች።

በሦስተኛው ጊዜ እህቷ ከበራፉ ደረጃ ሥር ሞታ ተገኘች። በቀብሯ ማግስት እናታቸው ጆሮን ለብቻዋ አስቀመጧት። «አንዷን አፈር አልብሼአለሁ» አሏት። «ይህችን ሕፃን ደግሞ አባቷን ነጥቀሽ ሜዳ ላይ እንዳትጥያት።» የፖሊስ መርማሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፤ «ተኝቼ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም።» ጆሮ ፈረመችበት።

አባትየው ሌላ ሚስት አላገባም። ልጁን አሳደገ፤ ጸጉር መጎንጎን ሳይቀር ተማረላት። ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው። ክፉ አባት ቢሆን ኖሮ ጆሮ ገና ድሮ ተናግራ ይወጣላት ነበር። አሁን ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ የምታጥበውም የምታበላውም ልጁ ናት። ልጅቷ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ዐይን ትለካለች። እናቴ እንዴት ሞተች ብላ አክስቷን የጠየቀችው አንድ ጊዜ፣ በሰባት ዓመቷ ነው። «ደረጃ አዳልጧት» አለቻት ጆሮ። ዳግመኛ አልጠየቀችም። አባቷ በጊዜ ስለሚተኛ ሐሙስ ሐሙስ ድራማውን ሁለቱ አብረው ያዩታል።

አሥራ አራተኛው ክፍል ሊቀረጽ ሲል ኃላፊው ወደ ጆሮ ክፍል ብቅ አለ። በአሥር ዓመት የሚያንሳት ረጅም ሰው ነው፤ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው።

«እትዬ ጆሮ፣ ደራሲው መጨረሻውን ሊጽፍ ነው። ተመልካቹ እህትየዋን ምን ይላታል? ፍርድ ቤት ቆማ ትናገር ወይስ ትቅር?»

«ብዙም የሚያነሳት የለም።»

«እርግጠኛ ነዎት? የእኔዋ ባለቤት ስሟ ሲነሳ ትንጨረጨራለች።»

«ባለቤትህ አልደወለችም።»

ሳቀና ሄደ። ቅጹ ላይ ስለ እህትየዋ ያወሩ ሦስት መቶ አሥራ ስድስት ደዋዮች ልዩ ልዩ በሚለው ዓምድ ገብተው ነበር፤ ከመጋረጃውና ከመርማሪው ጫማ ጋር። ያንን ዓምድ የሚያነብ የለም። ጆሮ ምን እንደፈራች ታውቃለች። እህትየዋ ቴሌቪዥን ላይ ቆማ ከተናገረች፣ ሐሙስ ማታ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ዞር ብላ ታያታለች።

ደራሲው እህትየዋን አውቶቡስ አሳፍሮ ሌላ ከተማ ላካት። በሃያኛውና በመጨረሻው ክፍል ባልየው በጣት አሻራ ተያዘ። እህትየዋን የጠየቃት የለም።

በማግስቱ መቅጃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር።

«ደራሲው እንቅልፍ ወስዶት ነው?»

«ሃያ ሳምንት ሙሉ አንጀታችንን ስታሳርረን የከረመችውን ሴትዮ፣ መልካም መንገድ ብላችሁ ሸኛችኋት?»

የታክሲ ሹፌሩም ነበር። «እጅ ሰጥቻለሁ» አለ። «ባልየው መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን እየነገራችሁኝ ነበር እኮ። እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት።»

ስልሳ ሦስተኛው ድምፅ የወጣት ሴት ነበር። ጆሮ ገና ከመጀመሪያው ቃል ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጤና ይስጥልኝ። የድራማው ተከታታይ ነኝ። ሰው ሁሉ እህትየዋ ለምን አልታሰረችም ይላል። እኔ ትታሰር ብዬ አልደወልኩም። ሟቿ ልጅ አለቻት። በሃያ ክፍል ውስጥ ያችን ልጅ ቁጭ ብሎ ያናገራት የለም። ቁርሷን ይሰጧታል፣ ጫማዋን ያስሩላታል፣ በቃ። አድጋ ምን እንደምትሆን ደራሲው አላሰበበትም። እኔ ልንገረው። አባቷን ስታጥብ እጁን ታያለች። ጣቶቹን አንድ በአንድ በሳሙና እያሸች፣ በዚህ እጅ ይሆን ወይስ አይደለም ትላለች። በየቀኑ።»

ድምፁ ቆመ። መቅጃው ግን መዞሩን አላቆመም።

«አክስቴ፣ የምትሰሚው አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። ፊት ለፊት ልጠይቅሽ ስንት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ክፍል ስምንት ላይ ሴትየዋ ስትጮህ አንቺ ምን እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ? የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረግሽው። እጅሽን አየሁት። አንቺ ያየሽው አልመሰለኝም።»

ጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል።

«እትዬ ጆሮ፣ ደራሲው ሊያብድ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ስለ እህትየዋ የተነሳው በአንድ ሌሊት ነው?»

«አይደለም። እኔ ደብቄው ነው።»

«ለምን?»

«ስመለስ እነግርሃለሁ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

መነጽር ቤቱ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ አንድ ሽማግሌ ፊደል ታስነብባለች።

«ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?»

«ሁለቱም ያው ነው ልጄ። ጉም ነው።»

«እንግዲያው ችግሩ ከመስታወቱ አይደለም አባባ። ሐኪም ይይዎት።»

«ሐኪምማ ካየኝ ሌላም ያገኝብኛል» ብለው እያጉረመረሙ ወጡ። ጆሮ በተነሱበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሰማሽው?» አለች ልጅቷ።

«ሰማሁት።»

«እሱ ነው?»

«አላየሁም። የሰማሁትን ግን እነግርሻለሁ።»

ነገረቻት። ወንበሩን፣ ጩኸቱን፣ ሬዲዮኑን፣ የፈረመችበትን ወረቀት። እናቴ አዝዛኝ ነው አላለችም። ልጅቷ አንድ መነጽር በጨርቅ እየወለወለች ሰማች፤ ያንኑ አንድ መነጽር።

«ጠራችሽ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«ጭኔ ላይ።»

«ተኝቼ?»

ጆሮ ልትዋሽ ፈለገች። የለመደችው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር።

«አልተኛሽም» አለች። «ግድግዳውን ታዪ ነበር።»

ልጅቷ መነጽሩን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጠራ። የደዋዩ ስም ለሁለቱም ይታያል፤ «አባዬ» ይላል። የምሳ ሰዓቱ ነው። እስኪያቆም ጠበቀች። እንደገና ጠራ። አነሳችው።

«መጣሁ አባዬ» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር። ጆሮን ከሁሉም በላይ ያስፈራት ይህ ነው።

ልጅቷ ጋዋኗን አውልቃ ሰቀለች።

«አብሬሽ ልምጣ?»

«አይሆንም።»

«ምን ልትይው ነው?»

«መጀመሪያ ላብላው። ርቦታል።» በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ግን አልዞረችም። «ሌላውን እዚያ ስደርስ አየዋለሁ። አንቺ ሱቁን ጠብቂልኝ።»

ወጣች። ጆሮ በመስኮቱ በኩል መንገዱን ስትሻገር አየቻት። አልሮጠችም። መኪና አሳለፈች፣ ግራና ቀኝ አየች፣ ተሻገረች፣ ከሰው ጋር ተቀላቀለች።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት የተሰበረ መነጽር ይዛ ገባች።

«ልጅቷ የለችም እንዴ?»

«ምሳ ሄዳለች።»

«ትመለሳለች?»

«አላውቅም» አለች ጆሮ። «እኔም እየጠበቅኋት ነው።»