የኪዋቱሌዋ ጃርት

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሂሩት ደወለችልኝ። ሰላምታ እንኳ ሳታበዛ፣ «ጃርቷ አለች?» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሰማን ግቢያችን ውስጥ አውሬ የምናረባ ይመስለዋል።

«አለች። ከውኃው ታንከር ጀርባ ቆርቆሮ ለብሳ ተኝታለች» አልኳት።

ሂሩት የአጎቴ ልጅ ናት። የእሷ ልጅ ደግሞ በቅርቡ ልትታጭ ነው፤ የወንዱ ወገኖች የሚመጡትም እኔ ወደምኖርበት፣ ካምፓላ ውስጥ ኪዋቱሌ ሰፈር ወዳለው ወደዚሁ ግቢ ነው። ስልኩን ዘጋሁና ወጥቼ ቆርቆሮውን ገለጥኩት። ሳህኗን ዝገት በልቶታል። ጥርሶቿ ግን እንዳሉ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ጎን አጎቴ በግራይንደር የከፈተው ጠባብ መስኮት አሁንም ይታያል።

ጃርት የምንላት ከመኪና ኋላ ታስራ የምትጎተት የሣር መሬት መብሻ ናት። ወፍራም ዘንግ ላይ ጣት የሚያካክሉ፣ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የብረት ጥርሶች ዙሪያውን ተተክለውባታል። ከላይ ክብደት የሚጫንበት ሰፊ ሳህን አላት። ስትንከባለል ጥርሶቹ መሬቱን ይወጉና የአፈር ቁራጭ ነቅለው ይተፋሉ። ካለፈች በኋላ ሣሩ የፍየል መንጋ ያደረበት ይመስላል፤ በየቦታው በጠጥ ነው። ተረግጦ የደነደነው መሬት ግን በዚያች ቀዳዳ ትንፋሽ ያገኛል፤ የዝናቡም ውኃ ላዩ ላይ መተኛቱን ትቶ ወደ ውስጥ ይሰርጋል።

ወደ ካምፓላ ስመጣ ዕድሜዬ ገና ከሃያ ብዙም አላለፈም ነበር። አጎቴ ጋሼ ደምሴ ሚስቱ ሞታበት ቤቱን የሚያግዘው ሰው ስላጣ ነው ከአዲስ አበባ ያስመጣኝ። ንሳምብያ በሚባል ሰፈር፣ ከሆስፒታሉ ቁልቁል፣ ጋራዥ ነበረው። ቁመቱ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር ነው። ሰው ካስቀየመ ይቅርታ ማለት አይሆንለትም፤ ሄዶ የሰውየውን ራዲዮ ይጠግንለታል። ፍቅሩም ቁጣውም በመፍቻ ነበር።

ኪዋቱሌ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው አጥር ከአጥር አልተያያዘም። የእኛ ግቢ ሰፊ ነበር፤ ሆኖም ከእኛ በፊት የነበሩት ሰዎች ከባድ መኪና ያቆሙበት ስለነበር ቀይ አፈሩ እንደ ጡብ ደርቆ፣ ሣሩ ሳስቶ ነበር። አንዴ ከዘነበ ኩሬው ለቀናት አይጠፋም፤ እንቁራሪቶቹም እኛን ተከራይ፣ ራሳቸውን ባለቤት ያደረጉ ይመስል ሌሊቱን ሙሉ ይጮሁ ነበር።

ሂሩት ያኔ ካቶ የሚባል የአገሩን ልጅ፣ አንድ መምህር፣ ወዳ ነበር። ጋሼ ስንት ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለምነውት እሺ አለ። እሺ ያለው ግን አፉ ብቻ ነበር፤ ልቡ ሰበብ ይፈልጋል። ይህን ሂሩት ታውቅ ነበርና ከዚያን ቀን ጀምሮ በእንቁላል ላይ የምትሄድ ያህል ተጠንቅቃ ትራመድ ነበር።

እዚህ አገር ሙሽራው ዘመዶቹን አስከትሎ ከልጅቷ ወላጆች ጋር የሚተዋወቅበት ሥርዓት ኳንጁላ ይባላል። የካቶ ወገኖች ቀኑን የልጅቷ አባት ይቁረጥ ብለው ላኩ። ጋሼም ሳያመነታ፣ «ከመስቀል በኋላ ይሁን» አለ። ሐበሻ ነዋ! በእኛ አገር መስቀል ካለፈ ሰማይ ይጠራል፣ መንገድ ይደርቃል፣ ዘመድ ከዘመድ ይጠያየቃል። ካምፓላ ግን የዓመቱ ሁለተኛው ዝናብ የሚያይለው ያን ጊዜ ነው። ጋሼ ይህንን በየዓመቱ በዓይኑ ቢያየውም አጥንቱ አልተቀበለውም። የካቶ ዘመዶች ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ነገር ግን የልጅቷ አባት የቆረጠውን ቀን መመለስ ነውር መስሏቸው ዝም አሉ። ሂሩትም ቀኑ አይመችም ብትል ለአባቷ ያን የሚፈልገውን ሰበብ ማቀበል ስለሆነባት ዝም አለች። እኔ እንደሆነ አዲስ ነኝ፤ መስከረም የትም አገር መስከረም ይመስለኝ ነበር። እንዲህ ሁላችንም በጨዋነታችን ወደ ጭቃው ተያይዘን ሄድን።

ጃርቷን ጋሼ የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ነው። ነሐሴ ደረቅ ስለነበር ግቢውን ለእንግዶቹ ሊያዘጋጅ ከፒካፕ መኪናው ጋር አሰራት። መሪውን ለእኔ ሰጠኝ፤ መኪና መንዳት የተማርኩት በዚያ ሣር ላይ ነው። ሂሩት ከጎኔ ትቀመጣለች፤ እሱ ከኋላ በእግሩ እየተከተለ ጥርሶቹን ያያል።

«ቀስ በይ እንጂ! ሙሽራ ልታመጪ ነው እንዴ?» ይላል።

«ሙሽራዋማ ከጎኔ ናት ጋሼ!»

ሂሩት አፏን በመዳፏ ይዛ ትስቃለች።

ጥርሶቹ ግን መሬቱን ጫር ጫር አድርገው ያልፉታል እንጂ አይገቡም። ሳህኑ ላይ ድንጋይ ጫነ፤ ድንጋዩ እየተንከባለለ ወደቀ። በመጨረሻ ካባላጋላ ሰፈር ምግብ ቤት ካላት ከእትዬ ዘነበች የጤፍ ጆንያዎች ተውሶ መጣ። ይሄ ሠራ፤ ቀዳዳው ጥልቅ ባይሆንም ታየ። ደስ ብሎን ከበራችን ላይ ሮሌክስ የሚሉትን ምግብ አስጠቅልለን፣ እንቁላሉና ቻፓቲው እጃችንን እያቃጠለን ቆመን በላን። ተመልሰን ስናይ አንዱ ጆንያ በሳህኑ ጠርዝ ተቀዶ ኖሯል፤ ጤፉ በሄድንበት መስመር ሁሉ ፈሷል።

እትዬ ዘነበች ልታይ መጥታ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «ደምሴ፣ ጤፍ በመኪና ሲዘራ ያየሁት አንተ ደጅ ነው» አለችው።

ከዘመን መለወጫ ማግስት ዝናቡ ጀመረ። ጋሼ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «አላፊ ነው» አለ። አላለፈም። ግቢው ኩሬ ሆነ። ፒካፑን ሣሩ ላይ ብናወጣው ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ የጃርቷም ጥርሶች በቀይ አፈር ተደፍነው መውጋት ተዉ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ እራት ላይ እጁን ሳይታጠብ ቆሞ፣ «ይተላለፍ። ጥር ይሻላል» አለ።

ሂሩት ወደ ማድቤት ተከትላኝ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ከተላለፈ ቀረ ማለት ነው። አባቴን አላውቀውም?»

እኔም አውቀው ነበር።

በማግስቱ ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከአንዱ ጥርስ ጭቃ በብሎን መፍቻ ሲፈለፍል ሂሩት ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ሴቶቻቸው ሰላም የሚሉት ተንበርክከው ነው። የካቶ አክስት ስትመጣ አንተ ፊት ትንበረከካለች።»

ቀና አለ። «እዚያ ላይ?» አለና ኩሬውን በመፍቻው አሳየ።

«ጭቃም ቢሆን አይተዉትም። ሥርዓታቸው ነው።»

«አሮጊት አይደለች እንዴ?»

«አሮጊት ናት።»

ጋሼ መፍቻውን አስቀመጠ። ጉልበቱን ሊስም የሚመጣ ሰው እንኳ ሲያጋጥመው፣ ሰውየው ጎንበስ ሳይል ትከሻውን ይዞ የሚያነሳ ነው። ሂሩት ነገሩን ጨርሳ ያበላሸችው መስሏት ከንፈሯን ነከሰች። እኔም ቀረ አልኩ በልቤ።

«በእኔ ደጅ ሰው ጭቃ ላይ አይንበረከክም» አለ ጋሼ። ከዚያ መፍቻ ለውጦ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ፈታ፣ በጆንያ ጠቅልሎም ወደ ንሳምብያ ይዟቸው ሄደ።

ሲመለስ በእያንዳንዱ ጥርስ ጎን መስኮት ከፍቶለት ነበር፤ የተነቀለው ጭቃ በዚያ ይወጣል፣ አይደፈንም። ጫፋቸውንም አሹሎታል። በጤፉ ፋንታ የሞተ ሞተር ብሎክ ሳህኑ ላይ በብሎን አሰረ። ፒካፑ ሣሩን ደግሞ እንዳይረግጠው ረጅም የብረት ገመድ ቀጠለላት፤ እኔ ከሣሩ ውጭ ጠጠሩ ላይ ሆኜ እጎትታለሁ፣ እሱና የሰፈሩ ሰዎች በእጅ ወደ ኋላ ይመልሷታል። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወጣን። በቁመቱ ሄድን፣ በአግድሙ ሄድን። ከሐይቅ ዳር የመጣ አሸዋ አፍስሰን ቀዳዳዎቹን በመጥረጊያ ሞላን። ስለ ጥር ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሳም።

የኳንጁላው ዕለት ጧት የወረደው ዝናብ ቆርቆሮውን ሊቀደው ደረሰ። እንግዶቹ በር ላይ በደረሱ ጊዜ አባራ። ማድቤት ውስጥ ማቶኬ የሚሉት አረንጓዴ ሙዝ በቅጠሉ ተሸፍኖ ይንተከተካል፤ የዶሮ ወጡ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። በመስኮት ሳይ ጋሼ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሣሩ መሐል ብቻውን ቆሟል። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። መላ ክብደቱን ጉልበቱ ላይ ጥሎ ትንሽ ቆየ። ተነሳና ሱሪውን ተመለከተ፤ ርጥበት እንጂ ጭቃ አልነበረበትም። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ምን ታያለሽ አንቺ?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ጎሽ። ምንም አላየሽም። በሩ ይከፈት።»

የካቶ አክስት ጎመሲ የሚሉትን ባለ ሰፊ መቀነት ቀሚሳቸውን ለብሳ ገባች። ጋሼ ፊት ስትንበረከክ ሊያነሳት እጁን ዘረጋ፤ ግን ሥርዓቷን እስክትጨርስ ታገሰ። ስትነሳ ከእግሯ ሥር አንዲት ቀጭን ቅጠል ቀጥፋ ይህ ምን ሣር ነው ብላ ጠየቀች። ለካ የፈሰሰው ጤፍ በቀዳዳዎቹ ውስጥ በቅሎ፣ መስመር ሠርቶ አረንጓዴ ፀጉር መስሎ ቆሟል። ካቶ ሲተረጉምለት ጋሼ በሰባራ እንግሊዝኛው፣ «እንጀራችን ነው። እናንተን ለመቀበል ነው የዘራሁት» አለ። እትዬ ዘነበች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ማድቤት ሮጠች።

ጋሼ ካቶን ወድጄዋለሁ ሲል በሕይወቱ አልሰማሁም። ሞተር ሳይክሉን ግን እስኪሞት ድረስ ይጠግንለት ነበር፤ ያልተበላሸውንም ጭምር። ሂሩት አንዳንዴ አባቷ ያን ጊዜ ከልቡ ደስ ብሎት ይሁን ለሰው አፍ ብሎ ትጠይቀኛለች። ያየሁትን ብነግራት መልሱ እሱ ነበር፤ ግን ምንም አላየሽም የተባልኩ ሰው ነኝ፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው።

ትናንት ሂሩትና ካቶ መጥተው ጃርቷን በካቶ መኪና ጎትተናት ዋልን። ማታ አካባቢ ዝናብ ጥሎ አባራ። ለሂሩት ሻይ ይዤ ስወጣ ሣሩ መሐል ብቻዋን ቆማለች፤ ፀጉሯ እንደ አባቷ ነጥቷል። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ቀኝ አየች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ይህን ማንም አልነገራትም።

ሻዩን እንደያዝኩ ወደ ታንከሩ ጀርባ ተመለስኩና ሳል አልኩ። ስወጣ ቆማ ጉልበቷን ታራግፋለች።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

ሻዩን አቀበልኳት። «ምንም» አልኳት።