የተጠረቡ ጉድጓዶች

በላሊበላ መንገድ ላይ ከእኔ ጋር መሄድ የሚወድ ሰው የለም። እህቴ እንኳ አብራኝ ገበያ መውጣት ግድ ከሆነባት ቀድማኝ ትሄድና እዚያ ትጠብቀኛለች። አልፈርድባትም። አንድ ዛፍ ጋ ስደርስ እቆማለሁ፣ አፈሩን በጣቴ እወጋለሁ፣ ቅጠሉን እገለብጣለሁ፣ ግንዱ ላይ ገመድ ካሰረ ባለሱቅ ጋር እጣላለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሰላም ያሉኝን ሰዎች ሳላይ አልፌ በኋላ ኮራች ተብዬ እታማለሁ። አልኮራሁም። እግሬም ዓይኔም ማረፍ አይሆንላቸውም፤ ድሮም እንዲህ ነኝ፣ ሥራዬ ደግሞ አባባሰው።

ሥራዬ በከተማው ጽሕፈት ቤት ውስጥ የመንገድ ዳር ዛፎችን ማስተከልና ማስጠበቅ ነው። ሲሉት ቀላል ይመስላል። ከተማችን የተቀመጠችው ግን ዐለት ላይ ነው፤ አፈሩ በብዙ ቦታ ከአንድ ስንዝር አያልፍም። ሥራ ስጀምር ልማዱ በየክረምቱ አንድ ቀን ወጥቶ፣ ጉድጓድ የሚመስል ነገር ጭሮ፣ ችግኙን ከነፕላስቲኩ ሸጉጦ፣ ፎቶ ተነስቶ መግባት ነበር። ጥቅምት ላይ ጭራሮው ብቻ ይቀራል። በሚቀጥለው ክረምት እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ይተከላል፣ ሌላ ፎቶ ይነሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ዛፍ ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገ ሳይተከል ነው የሚታሰብለት እያልኩ በየስብሰባው እነዘንዛለሁ። በመጨረሻ አለቃዬ፣ ስልችት ብዬው ይመስለኛል፣ «እሺ፣ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ የምታወጣዋን መንገድ ውሰጃትና እንደፈለግሽ አድርጊያት» አለኝ።

በጋውን ሙሉ ያችን መንገድ ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። የመብራት ሽቦ የሚያልፍበትን ዳር ተውኩት፤ ዛፉ ባደገ ማግስት አናቱን መጨፍጨፋቸው አይቀርም። የውሃ ቧንቧው የት የት እንደተቀበረ የሚያውቁት አንድ ጡረተኛ ብቻ ስለነበሩ፣ እሳቸውን በክንዳቸው ይዤ ከላይ እስከ ታች አዞርኳቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብልባላ የሚመጣው ገበያተኛ አህያውን የሚያቆምበትን ቦታ ለየሁ፤ እዚያ ልጡ ሳይላጥ የሚያድር ዛፍ የለም። ለገና የሚመጣው ተሳላሚ ጓዙን አውርዶ የሚያርፍበትን ጥግም ለየሁ። ይህ ሁሉ ተቀናንሶ ሠላሳ ስድስት ቦታ ቀረኝ።

አለቃዬ ጃካራንዳ ይሁን አለ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ያብባል፣ ለእንግዳ ያምራል። እኔ ወይራ አልኩ። «ወይራ እስኪያድግ እኔና አንቺ የት ነን?» አለ። የትም ብንሆን ግድ የለም፣ ዛፉ ግን እዚሁ ነው አልኩት። በመጨረሻ ለወይራው ሲፈርም ቀና ብሎ አየኝና «ቢደርቅ ታዲያ ከራስሽ አልወርድም» አለ። ኮንትራቴ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ በደንብ ገብቶኛል።

ቁፋሮው በሁለተኛው ቀን ቆመ። ዶማ ይዘው የመጡት ሠራተኞች ሁለት ጉድጓድ ሳይጨርሱ ዶማቸው ታጠፈ፤ ይህ የቆፋሪ ሥራ አይደለም፣ ጠራቢ ፈልጊ ብለው ሄዱ። ጠራቢ ደግሞ ቤቴ ነበር። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ደረጃ አድሰዋል፣ በየግቢው ቦይ አውጥተዋል። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ግን መዶሻቸውን አስቀምጠው በር ላይ ይውሉ ነበር። መቀመጥ እንደማይሆንላቸው አውቃለሁ፤ እኔስ ከማን ወረስኩት? «አባዬ፣ ሥራ አለ» ስላቸው ምን ሥራ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ መሯቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሁለት ጠራቢዎች ይዘው ከመጋቢት እስከ ሰኔ ሠሩ። እኔ የሰጠኋቸው ወርዱንና ጥልቀቱን ብቻ ነው። እሳቸው ግን ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ወለሉ የተስተካከለ፣ ግድግዳው መዳፍ የማይቧጥጥ ነገር አወጡ። ለአባቴ የመሮ ጠባሳ ያለበትን ግድግዳ ትቶ መሄድ የጀማሪ ሥራ ነው፣ ያሳፍራል። አብረዋቸው የሚሠሩት «ኧረ አባባ፣ ይኸ እኮ አፈር ሊሞላ ነው፣ ማን ያየዋል?» ሲሏቸው «እኔ አይቸዋለሁ» ይሉና መዶሻቸውን ያነሳሉ። እኔም ኮራሁ። ፎቶ አንስቼ ለአለቃዬ አሳየሁት።

በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያለቁት ጉድጓዶች ግጥም ብለው ሞሉ። ጠዋት የሞላው ውሃ ከሰዓት በኋላ ጣት አልጎደለም። አባቴ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ትንሽ አዩትና «አንቺ ልጅ፣ ይኸ ውሃ መውጫ አይሻም?» አሉኝ።

ላስታ ውስጥ ነው ያደግኩት። ጀሪካን ይዤ ወረፋ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። በእኛ አገር ውሃ የያዘ ጉድጓድ ይመሰገናል እንጂ ክፉ ቃል አይነገረውም። ሥር እንደሚተነፍስ፣ ውሃ ከተኛበት እንደሚታፈን የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ፈተና ላይ ጽፌ ያለፍኩትም እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን የታየኝ ኅዳርና ታኅሣሥ ብቻ ነበር፣ ለውሃ ማመላለሻ መኪና የምለምነው ልመና። «አይ አባዬ፣ ይያዝ፤ ለበጋው ይሆነዋል» አልኳቸው። መዶሻቸውን አንስተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የተማርኩት እኔ ነኛ።

ሐምሌ ላይ ተከልን። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደን አወጣን፣ በአህያ ያስመጣነውን አፈር ከፍግ ጋር ለወስን፣ ዙሪያውን በእሾህ አጠርን። እያንዳንዱን ዛፍ ፊት ለፊቱ ላለው ሱቅ ወይም ቤት በአደራ ሰጠሁ። ያ ዓመት መልካም ነበር። ቅጠሉ ለምለም ነው፣ የከተማው ሰው ያመሰግነኛል፣ አለቃዬም እንግዳ ሲመጣ ያችን መንገድ ያሳያል። አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው በየቀኑ ከላይ እስከ ታች ይጎበኛሉ፤ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ጉድጓዱን የጠረብኩ እኔ ነኝ ይላሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈካ ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። በበጋ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ይህ ግን ዝናብ እየዘነበ ነው። መጀመሪያ ሦስቱ፣ ከዚያ ሰባቱ፣ ከዚያ መቁጠር አስጠላኝ። ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፋኝ። ምሳዬን ጀምሬ ትቼ እወጣለሁ፤ ስብሰባ ላይ መስኮት አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም፤ እህቴ አንድ ነገር ስትነግረኝ መሃሉ ላይ ተነስቼ ጫማዬን አደርጋለሁ። ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ የአህያ ሽንት ነው ትላለች፣ አንዱ ሆቴሎቹ የሚደፉት የሳሙና እጣቢ ነው ይላል፣ አንዲት ባልቴት ደግሞ ዓይን በልቶት ነው፣ ብዙ ሰው አደነቀው አሉ። እኔ ሁሉንም አመንኩ። ከጉድጓዱ ውጭ ያለውን ማንኛውንም ነገር ለማመን ዝግጁ ነበርኩ።

በሐምሌ መጨረሻ ፈጽሞ የደረቀውን አንዱን ነቀልኩት። የታችኛው ሥር በስብሶ ይሸታል። የላይኛው ሥር ደግሞ ለስላሳው ግድግዳ ጋ ደርሶ፣ የሚገባበት ስንጥቅ አጥቶ፣ እንደ ጥጃ ገመድ ክብ እየዞረ ራሱን ጠምጥሟል። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። አባቴ በአምናው ሰኔ የጠየቁኝ ጥያቄ ያኔ ጆሮዬ ውስጥ መጣ፣ የሰጠኋቸውም መልስ።

መፍትሔውን አውቀዋለሁ። ግድግዳውን መንደል፣ ለውሃው መውጫ መክፈት፣ የበሰበሰውን ሥር ቆርጦ መልሶ መትከል። ክረምቱ ሳይወጣ ካልተደረገ የቀሩትም ያልቃሉ። ያቃተኝ ለአባቴ መንገር ነው። ያ የመጨረሻ ሥራቸው ነበር፤ እሱ ከተነካ በር ላይ ከመቀመጥ በቀር ምን ይቀራቸዋል እያልኩ አዘገየሁት። ሲጠይቁኝ «በሽታ ነው አባዬ፣ መድኃኒት ይረጭለታል» አልኳቸው። አመኑኝ።

ፍልሰታ ደረሰ። አባቴ በየዓመቱ ሱባዔ የሚይዙት ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ካለችው አሸተን ማርያም ወጥተው ነው፤ ጉልበታቸውን ከታመሙ በኋላም በበቅሎ ይወጣሉ። በሶአቸውን ቋጠርኩ፣ በቅሎ ፈለግኩ፣ ከወትሮው በአንድ ቀን ቀድሜ ሸኘኋቸው። ዳገቱን ሲይዙ ከኋላቸው ቆሜ እያየሁ ቀለል አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። አሥራ ስድስት ቀን አገኘሁ ብዬ ነበር በልቤ የቆጠርኩት።

ከአባቴ ጋር የሠሩትን ሁለቱን ጠራቢዎች ስጠራቸው «የሳቸውን ሥራ አናፈርስም» ብለው እምቢ አሉኝ። ድንጋይ የማያውቁ የቀን ሠራተኞች ይዤ ጀመርኩ። በየዛፉ ዙሪያ የተነጠፈውን ኮብልስቶን እያነሳን፣ ግድግዳውን በድጅኖ እየነደልን። እንዲህ ተለፍቶበት ያለቀ ድንጋይ ሲፈነዳ የሚያሰማው ድምፅ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሠራተኞቹ ሲያርፉ እኔ ድጅኖውን አነሳለሁ። በስምንት ቀን ዘጠኝ ጉድጓድ ብቻ ከፈትን፤ ያም የትም የትም ተመትቶ ነው፣ ውሃው ግማሹ ይወጣል ግማሹ ይቀራል።

በዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ ቀና ስል አባቴ መንገዱ ማዶ ቆመዋል። ከሁለቱ ጠራቢዎች አንዱ አሸተን ወጥቶ ነግሯቸው ኖሯል። ሱባዔ አቋርጠው አያውቁም። በቅሎም አልጠበቁም፤ ያንን ቁልቁለት በዚያ ጉልበት በእግራቸው ነው የወረዱት። መንገዱን ተሻግረው መጡና ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በተነደለው ግድግዳ ላይ አሳለፉ። ከጎኑ የተጣለውን ሥር አንስተው አሸተቱት።

«መቸ ነው ያወቅሽው?» አሉኝ።

«በሐምሌ መጨረሻ።»

«በሐምሌ እኔ እዚሁ ነበርኩ።»

ድንጋዩ ተሰበረ ብለው የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለእሱ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን ግድግዳውን ደግመው አላዩትም። «ድንጋይ የተበላሸብኝ ዛሬ ነው ወይ? ስንቱን ሰብሬ እንደገና ጀምሬያለሁ። እኔ ከላይ ዛፎቹን ማርልኝ እያልኩ ስሰግድ አንቺ ከታች ከኔ ተደብቀሽ...» አልጨረሱትም። ቢመቱኝ እመርጥ ነበር።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ድጅኖውን ከሠራተኛው ተቀበሉ። «እዚህ አይመታም» አሉ፤ «ውሃው በቁልቁለቱ ነው የሚሄድ። ዐለቱ ደም ሥር አለው፣ እሱን ተከትሎ ነው የሚከፈት።» ጣታቸውን በድንጋዩ ላይ አሳልፈው አንድ ቦታ አገኙ። ሦስት ጊዜ መቱ። እኛን ቀን ሙሉ የሚፈጅብን ተከፈተና ጥቁር ውሃ እየሸተተ ወጣ። ወደ ቀጣዩ ሄዱ፣ እዚያም አሳዩን። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከዐለት ላይ ውሃ ሲያስወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በሐምሌ ብነግራቸው በሐምሌ ያልቅ ነበር። ዛሬ በሕይወት ያሉት ሃያ ሰባት ወይራዎች የተረፉት በዚያ ቀን ባሳዩን መንገድ ነው።

አባቴ ካሳዩን አራተኛው ጉድጓድ ላይ ሳለን የጽሕፈት ቤቱ መኪና መጣች። አንድ ባለሱቅ ኮብልስቶኑ እየተነሳ ነው ብሎ ደውሎ ኖሯል። አለቃዬ ሁለት ኃላፊዎች አስከትሎ ወረደ፤ በእነሱ ፊት አፍሮ ፊቱ ተለዋውጧል። የተቆለለውን ድንጋይ አየ፣ ጥቁሩን ውሃ አየ፣ የተነቀሉትን አየ።

«ውሃ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ነው የተከልሽው?» አለኝ። «ባለሙያ አይደለሽ እንዴ? ማነው እንዲህ እንዲሠራ ያዘዘ?»

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር እያልኩ እስካሁን ራሴን አጽናናለሁ። ኮንትራቴ የሚታደሰው በመስከረም ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ጌታ» አሉ አባቴ። «እሷማ መውጫ አውጡለት ብላኝ ነበር። ግድግዳው ይበላሽብኛል ብየ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ።»

አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። በጾም፣ ከሱባዔ ወርደው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በዚያ ሁሉ ሥራቸው ላይ ቆመው። ዓይኔን አላዩኝም። የቀን ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ። አለቃዬ ረገብ አለ። ኮብልስቶኑን ስትጨርሱ መልሱት አለ፣ ለኃላፊዎቹም ነገሩን በአጭሩ አስረዳ፣ እንደ ቀላል ነገር። ወደ መኪናው ሲመለስ አጠገቤ ቆመና እንደ መሳቅ ብሎ፣ «ለሽማግሌ ማስረዳት መከራ ነው፤ እኔም ቤት አለ። በጄ አላሉሽም ማለት ነው?» አለኝ።

አባቴ ሁለት እርምጃ ርቀው ድጅኖውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አዎ» አልኩ። «በጄ አላሉኝም።»